አየሩ የማን ደጋፊ ነው?

የቤዝቦል ቪዲዮ ጌም የሚጫወት ልጅ ካላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ሆም ረን መምታት ሲያምረው ዴንቨርን ይመርጣል። ጌሙ የቀዳው እውነተኛውን ኩርስ ፊልድ ነው። ስታዲየሙ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የወርዋሪው ኳስም እንደልቡ አይታጠፍለትም። (አዲስ አበባ ላይ ቢሠራስ!)

እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት አጥሩን አርቀው ነበር፤ አልበቃም። በ1999 ብቻ 303 ሆም ረን ተመታበት። በ2002 ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ነገሩ ረገብ አለ።

ሐሜቱ ግን ለላሪ ዎከር ተረፈው። አየሩ ነው የመታለት የሚሉ በዙ፤ የዝና አዳራሽ የተመረጠው በ2020፣ በመጨረሻው ዕድሉ ነው። ለእኔ ይህ ግፍ ነው። በ1997 ከመታቸው 49 ሆም ረኖች 29ኙ ከዴንቨር ውጭ የተመቱ ናቸው።