የጠላት ልጅ

ልጆቼ ሆይ፤ ስለ ሕፃናት መብት ብዙ ይነገራል፤ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ዓ. ም. ቢያበቃም፥ አሸናፊዎቹ መንግሥታት ወደ ተሸናፊዎቹ አገሮች የሚወስደውን የእህል መንገድ ለወራት ዘግተው ቆዩ። በኦስትሪያም ሕፃናት በረኃብ ተጐዱ። ጦርነቱን ያወጁት እነርሱ አልነበሩም፤ ሲጀመር ገና ያልተወለዱም ነበሩባቸው።

ወይዘሪት ኤግላንታይን ጄብ የምትባል፥ ቀድሞ አስተማሪ የነበረች እንግሊዛዊት፥ በ1919 ዓ. ም. የተራበ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ወረቀት በሎንዶን ትራፋልጋር አደባባይ አደለች። ሳንሱር ያልፈቀደው ስለ ነበረ ተይዛ ተከሰሰች፤ አምስት ፓውንድ መቀጫም ተፈረደባት። ደስ የሚያሰኘው ከዚህ በኋላ ነው። የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ ራሱ አምስት ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ይኸውም ገንዘብ ሴቭ ዘ ችልድረን ለተባለው ማኅበር የመጀመሪያ ስጦታ ሆነ። ልብ በሉ፤ በዚያ ወራት በእንግሊዝ አገር ብዙው ቤት ገና ሐዘን ላይ ነበር። ልጁን ለቀበረ ሕዝብ ስለ ጠላቱ ልጅ መለመን ቀላል ድፍረት አይደለም።

ቈይታም ምጽዋት ብቻ እንደማይበቃ ስላየች አምስት አንቀጽ ያለው አጭር ቃል አዘጋጀች፤ በ1924 ዓ. ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በጄኔቭ ተቀበለው። ዘር፥ ዜግነትና ሃይማኖት ሳይለይ የተራበው ሕፃን ይመገብ፥ የታመመው ይታከም፥ ወላጅ የሌለው ይጠለል፥ በመከራ ጊዜም ሕፃን ይቅደም የሚል ነው።

አገራችን በ1923 ዓ. ም. የዚያ ማኅበር አባል ሆና ነበር። ነገር ግን በ1935 እና በ1936 ዓ. ም. የጣሊያን አውሮፕላን የመርዝ ጢስ ሲያፈስብን ሕፃንና ሽማግሌ አልለየም፤ ማኅበሩም አላዳነንም። እንግዲህ ወረቀት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን የተጻፈ ሕግ ባይኖር ተበዳይ ምን ይዞ ይከሳል?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1989 ዓ. ም. 54 አንቀጾች ያሉትን ስምምነት አወጣ፤ ኢትዮጵያም በ1991 ዓ. ም. ተቀበለችው። በዚህ ውስጥ በጄኔቩ ቃል ያልነበረ ነገር አለ። 12ኛው አንቀጽ ልጅ ስለ ራሱ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲናገር፥ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲሰማለት ያዝዛል። እኛን የቀድሞ መምህራንን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን ይህ ነው፤ የተራበውን ማብላትማ እናውቅበታለን።