ጥፋተኛነቷ ግልጽ ሆኖ ሳለ ፍርዷ ለምን ተሻረ?

የጁዲት ኮፕሎን ጉዳይ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ስለላው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ችሎቱ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮፕሎን የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበረች። በማርች 1949 ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ ሶቪየታዊ ጋር ተያዘች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከኤፍቢአይ መዝገብ የተገለበጡ መረጃዎች ተገኙ።

እንዴት ተደረሰባት? መነሻው ቬኖና ነው፤ የሶቪየቶችን ምስጢራዊ ቴሌግራም የመፍታት ሥራ። እስከ 1995 ድረስ ለሕዝብ አልተገለጠም። ፍርድ ቤቱ የሰማው ግን “ምስጢራዊ መረጃ ሰጪ” የሚል ቃል ነበር።

በዚያ ላይ ስልኳ ተጠልፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1937 በስልክ ጠለፋ የተገኘ ማስረጃ ለፌዴራል ችሎት እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ በ1939 ደግሞ ጠለፋው ጠቁሞ ያስገኘውንም ጨመረበት። ዋሽንግተን ላይ ስለ ጠለፋው አላውቅም ብሎ በመሐላ የመሰከረ ወኪል፣ ሪፖርቱ ይደርሰው እንደነበር በኒውዮርኩ ችሎት ተጋለጠ። ከጠለፋው መዝገብ ከፊሉም አስቀድሞ ወድሟል።

በ1950 ይግባኙን ያዩት ዳኛ ለርነድ ሃንድ ጥፋተኛነቷ ግልጽ ነው አሉ፤ ፍርዱን ግን ሻሩት። አንደኛ፣ የተያዘችው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። ሁለተኛ፣ የታችኛው ዳኛ ያዩት የጠለፋ መዝገብ ለጠበቃዋ አልታየም። ክሱ በይፋ የተዘጋው በ1967 ነው።

ኤፍቢአይ ከዚህ ምን ተማረ? መጥለፉን አላቆመም። ሁቨር በዚያው በ1949 “ጁን ሜይል” የሚባል አሠራር ዘረጋ፤ የጠለፋ ሪፖርት ከዋናው መዝገብ ተለይቶ እንዲቀመጥ። በእኔ እይታ ከስለላው ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ይህ ብልሃት ነው።

በ2013 ሮይተርስ ያጋለጠው የዚሁ ዘመድ ነው። የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኤ፣ ልዩ ክፍል ከስለላ ድርጅቶችና ከስልክ ጠለፋ ያገኘውን ጥቆማ ለፖሊስ ያቀብላል፦ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን መኪና ፈልጉ። የትራፊክ ፖሊስ ሰበብ ፈልጎ ያስቆማል፣ ውሻ ያነፈንፋል፤ መዝገቡ ላይ ምርመራው ከዚያ የተጀመረ ተደርጎ ይጻፋል። “ፓራለል ኮንስትራክሽን” ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ለተገኘ ማስረጃ ሌላ መንገድ መሥራት።

ምንጭን መጠበቅ ያስፈልጋል የሚሉት እውነት አላቸው። ግን ለዚህ ከ1980 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ምስጢሩን ዳኛው በዝግ አይቶ ይወስናል። በዲኢኤው አሠራር ግን ምንጩ ከጠበቃው ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ከዐቃቤ ሕጉና ከዳኛውም ይደበቅ ነበር። ያልሰማውን ነገር በዝግም ሆነ በግልጽ ችሎት የሚመረምር ዳኛ የለም።