ቀለም የማይሻ ቤት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ በቤት ጥገና ነው የምተዳደረው። ሉስትሮን የሚባለውን ቤት ልጠግን ስጠራ የእንጨት መጋዜን መኪናዬ ውስጥ ትቼ ነው የምገባው። ግድግዳው ብረት፣ ኮርኒሱ ብረት፣ የጣሪያ ክዳኑ ብረት፣ ቁም ሣጥኑ ሳይቀር ብረት ነው። ሰዎቹ ፎቶ የሚሰቅሉት በማግኔት ነው።

የተሠራው እዚሁ ከተማ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደሩ ሲመለስ አሜሪካ የቤት ያለህ ትል ነበር። ስዊድን የተወለደው ካርል ስትራንድሉንድ መንግሥትን መጀመሪያ የጠየቀው ለነዳጅ ማደያ የሚሆን ብረት ነበር። ብረቱ የሚገኘው ለመኖሪያ ከሆነ ብቻ መሆኑን ሲረዳ ሐሳቡን ወደ ቤት አዞረ። ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ፣ የኩርቲስ ራይትን የአውሮፕላን ፋብሪካ ይዞ፣ በፈረንጆቹ 1948 ቤት እንደ መኪና ማምረት ጀመረ። አንዱ ቤት ወደ 3 ሺህ ክፍሎች ተበታትኖ በተሳቢ ይጫንና ሶሌታው በተሞላለት ቦታ ይገጣጠማል። በቀን 100 ቤት ታስቦ ነበር፤ አልተደረሰበትም። ዋጋው ናረ፣ የየከተማው የግንባታ ደንብ አላፈናፍን አለ፤ በ1950 መንግሥት ፋብሪካውን በዕዳ ወሰደ። እስከዚያ የወጣው 2,500 ገደማ ቤት ነው።

ቀለም የማይሻ፣ ዕድሳት የማያውቅ ተብሎ ነበር የተሸጠው። ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ በረዶ የወረደበት ሰሌዳ በሳሙናና በውኃ ሲታጠብ ቦግ ይላል። ልባጡ በእሳት የተጋገረ ኢናሜል ነው፣ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው ባለአበባ ሳፋ ላይ ያለው ዓይነት። ሳፋ ያየ ሰው ችግሩንም ያውቀዋል፤ ከተመታ ይሸረፋል፣ ከተሸረፈ ይዝጋል።

ባለፈው ጸደይ ከመስኮት ሥር ያለች አንዲት ሰሌዳ ሠራሁ። የሣር ማጨጃ ያስፈነጠራት ጠጠር መትታት፣ ሳንቲም የምታህል ዝገት ይዛ ነበር። ዝገቱን በቢላ ጫፍ መፋቅ ነው፤ ኃይል ከበዛ ዳሩ እየተላጠ ይሄዳል። ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ኢፖክሲ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፤ እሱም ጠጋኙን እንጂ ኢናሜሉን እንዳይነካ። ብየዳ አይታሰብም፤ ሙቀቱ ኢናሜሉን ይሰነጥቀዋል። በሰሌዳዎቹ መጋጠሚያ ያለው የፕላስቲክ ጓርኒሲዮን ዛሬ ደርቋል። ይህን አይቶ ሲሊኮን የሚሞላ ሠራተኛ ያናድደኛል፤ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ከተጣበቀ ነገ ጎረቤቱን መፍታት መከራ ነው። ማሞቂያውስ? ሙቅ አየር ከብረቱ ኮርኒስ በላይ ይነፋል፤ ራስ ይሞቃል፣ እግር ይበርዳል። ብዙዎች ቀይረውታል፣ አልፈርድባቸውም።

ክፉኛ የተጎዳ ሰሌዳ ግን በሌላ መተካት አለበት፤ ፋብሪካ ደግሞ የለም። መለዋወጫ የሚገኘው ከፈረሰ ሉስትሮን ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በኳንቲኮ የባሕር ኃይል እግረኛ ሰፈር 60 ገደማ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ፈርሰዋል። አርሊንግተን የነበረ አንዱ የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ ተፈታቶ በ2008 ኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ለዕይታ ቆመ።

ሰሌዳዎቹ የተጋገሩት ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆነው ነው። አንዱ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ቅርስ ወዳዶች ያዝናሉ። እኔም አዝናለሁ፤ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ቀለሙን ነው።