አይንስታይን በሐሳቡ ያስኬደው ባቡር

አልበርት አይንስታይን የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ በስዊዘርላንድ አራው ከተማ ሲማር አንድ ጥያቄ ጠመደው። የብርሃንን ጨረር በራሱ በብርሃን ፍጥነት ብከተለው ምን አያለሁ? ጎን ለጎን እኩል የሚጓዙ ሁለት ነገሮች አንዱ ለሌላው የቆመ ይመስላል። እንደዚያ ከሆነ ብርሃኑም ባለበት የረጋ ሞገድ ሆኖ መታየት ነበረበት። የቆመ ብርሃን ግን አይቶ የሚያውቅ የለም፤ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ጠባይ የገለጸባቸው ቀመሮችም ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የላቸውም። ጥያቄው አሥር ዓመት ያህል አልለቀቀውም።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ በአሜሪካ ክሊቭላንድ የምድር ጉዞ በብርሃን ፍጥነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በመሣሪያ ሊለኩ ሞክረው የጠበቁትን ለውጥ አላገኙም። አይንስታይን ግን ላቦራቶሪ አልነበረውም። ከ1902 ጀምሮ በበርን የፓተንት መሥሪያ ቤት የሦስተኛ ደረጃ ባለሙያ ነበር፤ ሥራውም የፈጣሪዎችን ንድፍ መመርመር ነው። ይህ ልማድ በፊዚክሱም ላይ አሻራውን ያሳረፈ ይመስለኛል። የሐሳብ ሙከራዎቹ ሰውን ወደ ምናብ ዓለም ይዘው የሚሄዱ ሳይሆኑ፣ “ይህንን በምን ትለካዋለህ?” ብለው የሚያፋጥጡ ናቸውና።

በ1905 እዚያው መሥሪያ ቤት ከሚሠራው ወዳጁ ከሚሼል ቤሶ ጋር ነገሩን አንስተው ሲከራከሩበት ዋሉ። አይንስታይን በ1922 በጃፓን ኪዮቶ እንዳወጋው፣ በማግስቱ ቤሶን ሲያገኘው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም አመሰገነው፤ ችግሩ ተፈቶለት ነበር። ስሕተቱ የተደበቀው ብርሃኑ ውስጥ ሳይሆን፣ ሁሉም ሳይመረምር በተቀበለው የጊዜ ሐሳብ ውስጥ ነው። ያንኑ ዓመት ጁን 30 “አናለን ደር ፊዚክ” ለተባለው የጀርመን መጽሔት የደረሰው ጽሑፉ የቀደሙ ጥናቶችን ዝርዝር አልያዘም፤ በመጨረሻው ላይ በስም ያመሰገነው ቤሶን ብቻ ነው።

ለተራው አንባቢ ብሎ ያዘጋጀውና በ1917 የታተመው መጽሐፍ ግን ምስጢሩን በአንድ ባቡር ይፈታዋል። ረጅም ባቡር ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ይከንፋል። ሁለት መብረቆች ይወድቃሉ፤ አንዱ የባቡሩን ፊት፣ ሌላው የኋላ ጫፉን ይመታል፤ ሁለቱም ባቡሩም ሐዲዱም ላይ ምልክት ይተዋሉ። በሐዲዱ ምልክቶች ልክ መሃል መሬት ላይ የቆመች ሴት ሁለቱን ብልጭታዎች እኩል ታያለች። ርቀቱ እኩል፣ የብርሃኑም ፍጥነት እኩል ስለሆነ መብረቆቹ በአንድ ቅጽበት ወደቁ ብትል ትክክል ናት። በባቡሩ ልክ መሃል የተቀመጠው መንገደኛስ? ብርሃኑ በጉዞ ላይ ሳለ እሱ ወደ ፊተኛው ብልጭታ እየቀረበ፣ ከኋለኛው እየራቀ ነው፤ የፊተኛው ይቀድምለታል።

የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ለመንገደኛውም ቢሆን ብርሃን ከሁለቱም ወገን የሚመጣው በዚያው ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቡሩ ላይ ያሉት ምልክቶችም ከእሱ እኩል ይርቃሉ። ርቀቱ እኩል፣ ፍጥነቱ እኩል፣ አንዱ ግን ቀደመ። ስለዚህ የፊተኛው መብረቅ በእርግጥ ቀድሞ ወድቋል ይላል፤ እሱም ትክክል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ “ዓይኑ ተታሎ ነው” ማለት ይቃጣዋል። አልተታለለም። የሴትዮዋን ሰዓት ከመንገደኛው ሰዓት የሚያስበልጥ አንድም የተፈጥሮ ሕግ የለም። ለዓለሙ ሁሉ የጋራ የሆነ “አሁን” አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ከተነካ ሌላውም ይነቃነቃል። የሚሮጥን ባቡር ርዝመት የሚለካ ሰው ሁለቱን ጫፎች በአንድ ቅጽበት ምልክት ማድረግ አለበት፤ በቅጽበቱ ካልተስማሙ በርዝመቱም አይስማሙም። የጊዜም ርዝመት እንዲሁ ነው። በ1911 ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን በሐሳቡ አንድ መንገደኛ ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ወደ ጠፈር ልኮ መለሰው፤ ተጓዡ ሁለት ዓመት ሲያረጅ ምድር ላይ 200 ዓመት አልፏል።

ላንዥቨን በሐሳብ ያየውን የጊዜ መዘግየት ተፈጥሮ ራሷ ታሳየን ነበር። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ከምድር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አየሩን ሲመቱ ሙዮን የተባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። የሙዮን አማካይ ዕድሜ የሰከንድ 2.2 ሚሊዮንኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 660 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም እጅግ ብዙ ሙዮኖች መሬት ይደርሳሉ። ብሩኖ ሮሲና ዴቪድ ሆል በኮሎራዶ አካሂደው በ1941 ባሳተሙት ጥናት በተለያየ ከፍታ ቆጥረዋቸው፣ የፈጠኑት ዘለግ ያለ ዕድሜ እንዳላቸው አረጋገጡ። ከእኛ ወገን ሲታይ የሙዮኑ ሰዓት ዘግይቷል። ከሙዮኑ ጋር ቢጓዙ ግን ሰዓቱ እንደ ወትሮው ይቆጥራል፤ ያጠረው ከፊቱ ያለው የአየር ንጣፍ ነው። ሙዮኑ መሬት መድረሱን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።