ገመዱን የያዘው ማን ነው?

«የጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይወድም» የሚለውን ያልሰማ የደብረ ማርቆስ ልጅ የለም። እኛም ሰምተን ስቀናል፤ አንዳንዴም አብረን አውርተነዋል። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው «መሬቴን አላስለካም» ማለቱ ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ሲዘረጋ መሬቱ በጋሻ እየተቆረጠ ለወታደርና ለሹም ተሰጠ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ባለአገሩ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ጎጃም ውስጥ ግን መሬት ከአባት ከአያት የሚወረስ ርስት ነበር። ስለዚህ ገመድ ያዥ ሲመጣ ጎጃሜው የሚያየው ገመዱን ሳይሆን ከገመዱ ኋላ የሚመጣውን ነው። ከጣልያን መውጣት በኋላ አዲስ የመሬት ግብር በታወጀ ጊዜ አመፀ፤ በ1942 እና በ1943 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና።

ትልቁ የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። መንግሥት አሥራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። አዋጁ የወጣው በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ስሙ ከነጋሪት የተወረሰ፣ ድምፁ ግን ገበያ የማይደርስ፣ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ወረቀት ብቻ የሆነ። ወረቀቱን ላነበበው አዋጁ ይለካ አይልም፤ የገበሬውን ገቢ ገማቾች ይገምቱ ነው የሚለው። እንዲያውም ብዙ ያለው ብዙ እንዲከፍል የታሰበበት ነው። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር፦ ሊለኩን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው።

ታዲያ ወሬውን ማን አደረሰው? ሬዲዮውም ጋዜጣውም በአብዛኛው የመንግሥት ነው። የገበሬው ሚዲያ ገበያ ነው፤ ማኅበርና ሰንበቴ ነው፤ ለቅሶ ቤት ነው። እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር እነዚህን ሚዲያ ብሎ ያስተማረን የለም። ነገር ግን ምንጭን የመመዘን ሥርዓት ነበራቸው፦ ማን ነው ያለው? የማን ልጅ ነው? ከዚህ ቀደም ዋሽቶ ያውቃል ወይ?

ወሬው በፊደሉ ተሳስቷል፤ ይህን መካድ አንችልም። ግን ገማቹን የሚልከው ማን ነው? የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ነው፤ ገበሬው ደግሞ በዚህ አስተዳደር ተማሮ ነበር። የተሳሳተው ወሬ የተመሠረተው በትክክለኛ ትዝታ ላይ ነበር ማለት ነው።

መልሱ ጦር ሆነ፤ የአየር ኃይልም መንደሮችን ደበደበ። አዲስ ቴክኖሎጂ ከተባለ፣ ለዚያ ገበሬ በቦምብ መልክ ነው የመጣለት! በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገረ ገዥውን አነሱ፤ የዓመታቱን ውዝፍ ግብርም ማሩ። አዲሱ ግብርም ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ። (ሐዲስ ዓለማየሁ ባላገሮች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያምፁበትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። እኛ አገር ልብ ወለድ ከጋዜጣ ሲቀድም ይህ የመጀመሪያው አይደለም።)

ትዝታው በዚያ አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. ክልሉ መሬት እንደገና ሲያከፋፍል «ቢሮክራት» የተባሉ ገበሬዎች መሬታቸው ተቆርጦ ለሌላ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከደብረ ማርቆስ አፍንጫ ሥር ጎዛምን ወረዳ ላይ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሙከራ ሲጀመር እንደገና መለካት መጣ። በዚህኛው ዙር ገበሬው ተለካ፣ ደብተሩንም ወሰደ። አዲስ ነገር የማይወድ ሕዝብ ነው ለሚሉን ይህን እንነግራቸዋለን፤ የወደደው ገመዱን ሳይሆን እጁ ላይ የቀረለትን ወረቀት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ ያለን የጎጃም ልጆች በአንድ ጊዜ ወደ አያቶቻችን ሚዲያ ተመለስን። ከመናኸሪያ የወረደ መንገደኛ እንጠብቃለን፤ እንጠይቀዋለን። አንዱ «ከተማው ሰላም ነው» ይላል፤ ሌላው ተቃጠለ ይላል። ዲግሪያችንን ይዘን ቆመን የትኛውን እንደምናምን አላወቅንም። እናቶቻችን ግን ስልኩ በተገኘ ቁጥር አስቀድመው የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማን ነው የነገራችሁ?»