ይጀመር ወይስ ይቆይ? የልጆችን ጥርስ የማቃናት ታሪክ

ልጅ ከ6 እስከ 12 ዓመቱ ገደማ የወተትና የቋሚ ጥርስ ተቀላቅሎበት ይኖራል። ጥርሱ ተደራርቦ ወይም ገጥጦ ሲበቅል በዚሁ ዕድሜ ይታረም ወይስ ቋሚዎቹ በቅለው እስኪያልቁ ይጠበቅ የሚለው ክርክር የቆየ ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠማማ ጥርስን ከቀጭን ብረት ጋር በክር አስሮ ማቃናትን ገለጸ። የአገሩ ሰው ሮቤር ቡኖን በ1743 የወተት ጥርስን ቀድሞ በመንቀል ለተተኪው ቦታ መልቀቅን አነሣ። ይህ ሐሳብ በ20ኛው መቶ ዘመን «ተከታታይ ነቀላ» ተባለ። መጀመሪያ የወተት ክራንቻዎች፣ ከዚያ የወተት መንጋጋ ጥርሶች፣ በመጨረሻም ከየጎኑ አንድ ጤነኛ ቋሚ ጥርስ ይወጣል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ የተነቀለው ግን አይመለስም።

ቦታን በመንቀል ሳይሆን በማስፋት ማግኘትን አሜሪካዊው ኤመርሰን አንጄል በ1860 ሞከረ። በአንዲት ልጃገረድ ላንቃ ላይ ብሎን ገጥሞ እያዞረች እንድታሰፋው አደረገ። በሁለት ሳምንት የፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ታየ፤ ላንቃው ከመሐል መጋጠሚያው ተለያይቷል ማለት ነው። የሙያ ባልደረቦቹ አላመኑትም። ዘዴው በሰፊው የተመለሰው አንድሩ ሃስ በ1961 ካሳተመው ሥራ ወዲህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ዴንማርካዊው ቪጎ አንድሬሰን የታች መንጋጋዋ ወደ ኋላ የቀረ የገዛ ልጁን ያክም ነበር። በ1908 ለክረምት ዕረፍት ስትሄድ የጥርሷን ማሰሪያ ፈትቶ፣ የታች መንጋጋዋን ወደ ፊት የሚመራ፣ ሌሊት ብቻ የሚጠለቅ መያዣ ሰጣት። ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ አነካከሷ ተስተካክሎ አገኘው። ከዚያ «አክቲቬተር» የተባለው መሣሪያ ተወለደ፤ በአውሮፓ ተነቃይ መሣሪያ ሲነግሥ፣ በጥርስ አቃኙ ሐኪም በኤድዋርድ አንግል ተጽዕኖ ሥር የነበረችው አሜሪካ በተጣባቂ ማሰሪያ ጸናች።

ክርክሩን በመለኪያ የፈተኑት ከ1990ዎቹ ወዲህ በሰሜን ካሮላይና፣ በፍሎሪዳና በእንግሊዝ የተካሄዱ ጥናቶች ናቸው። የላይ ጥርሳቸው የገጠጠ ልጆች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ቀድመው፣ ከፊሎቹ በጉርምስና ታከሙ። በስተመጨረሻ ውጤታቸው ተቀራረበ፤ ቀድመው የጀመሩት ግን በመሣሪያ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ። ያም ሆኖ የገጠጠ የፊት ጥርስ ልጅ ሲወድቅ ቶሎ ስለሚሰበር፣ ቀድሞ ማስገባት ጉዳቱን እንደሚቀንስ ታይቷል። ወደ ውስጥ የገባ የላይ ጥርስ አነካከስም ዛሬ ብዙ ጊዜ ላንቃን በማስፋት ቀድሞ ይታከማል፤ የላንቃው መጋጠሚያ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ይሄዳልና።