የዓይን መመርመሪያ መሣሪያዎችና የሚያሳዩዋቸው ሕመሞች

የዓይን ሕመም ሁሉ በመቅላት ወይም በማሳከክ አይጀምርም። አንዳንዱ ያለ ምንም ስቃይ ብርሃንን ቀስ በቀስ ይነጥቃል። ባለሙያዎች በውጭ የማይታየውን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የእይታ መለኪያ ሰሌዳ፦ ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያዘጋጀው ሰሌዳ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደላት አሉት። ታካሚው በ6 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ዓይኖቹን በየተራ እየሸፈነ ያነባል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ ሦስት ጣት ያለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጁ ያመለክታል። ውጤቱ 6/60 ከሆነ፣ ጤናማ ዓይን በ60 ሜትር የሚያየውን ታካሚው የሚያየው በ6 ሜትር ነው ማለት ነው።

ማጉያ መነጽርና የእጅ ባትሪ፦ ትራኮማን ወይም የዓይን ማዝን ለመለየት እነዚህ ይበቃሉ። ባለሙያው የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ 2.5 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጥቃቅን ፍሬ መሰል እብጠቶችንና ጠባሳን ይፈልጋል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት መኖሩንም ያያል።

ስሊት ላምፕ፦ ቀጭን የብርሃን ጨረርን ከማይክሮስኮፕ ጋር ያጣመረ መሣሪያ ነው። የዓይን ሞራን፣ የብሌን ጠባሳንና በዓይን ውስጥ የገባን ባዕድ ነገር አጉልቶ ያሳያል።

ኦፍታልሞስኮፕ፦ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋወቀው ሲሆን የዓይንን የኋላ ክፍል ያሳያል። የደም ሥሮች ያለ ቀዶ ሕክምና በቀጥታ የሚታዩት በዚህ ስፍራ በመሆኑ፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ያደረሱት ጉዳት ይለይበታል። ለምርመራው የዓይንን ቀዳዳ የሚያሰፋ ጠብታ ሊደረግ ይችላል። እይታ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚደበዝዝ ታካሚው ማሽከርከር የለበትም፤ አጃቢ ይዞ መምጣቱም ይመረጣል።

ቶኖሜትር፦ የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ይለካል። የተለመደው መጠን ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከፍ ያለ ግፊት ለግላኮማ ያጋልጣል፤ ሆኖም ግላኮማ በተለመደ ግፊትም ሊከሰት ስለሚችል የዓይን ነርቭም አብሮ ይታያል። በዓይን ሞራ የጠፋ ብርሃን በቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋው ግን አይመለስም።

ስለሆነም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑና በቤተሰባቸው ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች ሕመም ሳይሰማቸው ቢመረመሩ ይመከራል። የስኳር ሕሙማን በየዓመቱ ሊታዩ ይገባል። እይታው በድንገት የቀነሰበት ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።